ማሳ ላይ የታየ ክብ ሁሉ የጥንት ቅጥር ነው?

እህቴ፣ ከጎንደር አጠገብ ካለው አዘዞ ወጣ ብሎ ባለ የገብስ ማሳ ላይ በሳተላይት ፎቶ ጠቆር ያለ ክብ አይተሽ «የተቀበረ የጥንት ቅጥር ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሊሆን ይችላል። ግን ለማመን አትቸኩዪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የተቆፈረ ቦይ በለስላሳ አፈር ሲሞላ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ከላዩ የበቀለው ገብስ ይረዝማል፤ ሌላው ቢጫ ሲሆን እሱ ገና አረንጓዴ ነው። የግንብ መሠረት ከሆነ ተቃራኒው ነው። ሥሩ ድንጋይ ያገኛል፣ ሰብሉ ይቀጭጫል፣ ቀድሞ ይደርቃል። ጎንደር ላይ እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ይኼ ገርጣ ያለው መስመር ነው። የፋሲል ግቢ ቅጥር እንኳ 900 ሜትር የሚረዝም የግንብ አጥር አይደል?

ከዓመታት በፊት እኔም ያንቺን የመሰለ ክብ አይቼ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ባለማሳው አዛውንት ስልኬን ተቀብለው አዩና «ልጄ፣ ይኼ እኮ የአባቴ አውድማ ነው» አሉኝ። በእበት ሲለቀለቅ፣ ከብት ሲዞርበት የኖረ መሬት ሰብሉን ያጠቁረዋል። የድሮ በረትም እንደዚያው ነው። እንዳዘንኩ ሲያዩ ወደ ማሳው ጥግ ወሰዱኝ። «እዚህ ጋ ግን ማረሻዬ ሁሌም ድንጋይ ይመታል። ገብሱም ቀድሞ ነው የሚደርቅ።» እውነትም ዙሪያው ያለው ወገቤ ድረስ ሲደርስ ያ ጉልበቴን አላለፈም። ጎንበስ ብለው ነጭ ፍርፋሪ አነሱ። በጥፍሬ ስፍቀው የሚረግፍ ኖራ ነው፤ የግንብ ድንጋይ የሚያያዝበት።

እኔ ያየሁት ፎቶ የነሐሴ ነበር፤ ከክቡ በቀር ሁሉም አረንጓዴ፣ ጥጉ ላይ ምንም አይለይም። ማታ ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ፎቶ ስፈልግ የአንድ ኅዳር አገኘሁ። እዚያው ጥግ ላይ ቀጥ ያለ ገርጣ መስመር፣ ከዚያ እጥፍ ብሎ ማዕዘን ይሠራል። ልቤ ዘለለ።

ስለዚህ አንቺም የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር ፎቶ ፈልጊ፤ በተለይ ዝናቡ ቀድሞ የወጣበትን ዓመት። እንግሊዝ አገር ዉድሄንጅ የሚባለው የጥንት የእንጨት ምሰሶ ቀለበቶች ቦታ በ1925 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ቢታይም፣ ቀለበቶቹ ጥርት ብለው የወጡት በቀጣዩ ዓመት ስንዴው ሲያድግ ነው። መስመሩ ወጥ ስፋት አለው? የበር ክፍተት አለው? ክብ ውስጥ ክብ፣ መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ካየሽ ደግሞ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ምልክቱ ይደክማል፤ ባዶ ቢመስልሽም የለም አትበዪ።

አደራ፣ ቦታውን ኢንተርኔት ላይ አትለጥፊ። ወርቅ ፈላጊ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ያለ ፈቃድ መቆፈር በአዋጅ 209/1992 ክልክል ስለሆነ አንቺም አካፋ አታንሺ፤ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዪ። ከዚያ በፊት ግን ባለማሳውን «ገብሱ የት ጋ ቀድሞ ይደርቃል?» ብለሽ ጠይቂ። የኅዳሩን ፎቶ ስታገኚ ቦታው እንዳይታወቅ ቆርጠሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።