ጭነቱን ለማን ያስረክባል? መሐንዲስ መሆን ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆናችሁ መሐንዲስ ለመሆን የምታስቡ ወጣቶች ስታገኙኝ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ የትኛው የምህንድስና ዘርፍ እንደሚሻል ነው። ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ኬሚካል እያላችሁ ስትዘረዝሩ እሰማለሁ። ለዚህ ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትምህርት በሁሉም ዘርፍ በአብዛኛው ሒሳብና ፊዚክስ ስለሆነ፣ ምርጫው ለጊዜው እንቅልፍ አይንሳችሁ። ይልቁንም ከሠላሳ ዓመት በላይ የሕንፃ መዋቅር ሳሰላ እንደኖርሁ ሰው፣ አንድ ልማድ ከዛሬ ጀምራችሁ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ፤ እርሱም ማንኛውንም የቆመ፣ የተንጠለጠለ ወይም የተደገፈ ነገር ባያችሁ ቁጥር የተቀበለውን ጭነት ለማን እንደሚያስረክብ መጠየቅ ነው።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር የሚመጣውን ለማሳየት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ከተማ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል የደረሰውን አደጋ ልንገራችሁ። በሆቴሉ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው በብረት ዘንጎች የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ነበሩ፤ የአራተኛው ፎቅ መተላለፊያ የሚገኘው ልክ ከሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ በላይ ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ መሠረት እያንዳንዱ ዘንግ ከጣሪያው ተነሥቶ የላይኛውን መተላለፊያ በማለፍ እስከ ታችኛው የሚወርድ አንድ ወጥ ብረት ነበር። እንዲህ ያለውን ረጅም ዘንግ ጥርስ አውጥቶ ዳዶውን እስከ መካከሉ ማዝለቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በሥራው ሂደት ዘንጉ ለሁለት እንዲከፈል ተደረገ፤ አንዱ የላይኛውን መተላለፊያ ከጣሪያው፣ ሌላው ደግሞ የታችኛውን መተላለፊያ ከላይኛው ላይ አንጠለጠለ።

ልዩነቱ እንዲታያችሁ በአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ሰዎችን አስቡ። ሁለቱም ገመዱን ከያዙ፣ የእያንዳንዳቸው እጅ የሚችለው የገዛ ራሱን ሰው ብቻ ነው። የታችኛው ሰው ገመዱን ለቅቆ የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን፣ ገመዱ የሚሸከመው እንደ በፊቱ ሆኖ ሳለ የላይኛው ሰው እጅ የሁለት ሰው ክብደት ይወድቅበታል። በሆቴሉም የላይኛውን መተላለፊያ ከሥሩ ደግፎ የያዘው ዳዶና የተቀመጠበት ብረት እጥፍ ጭነት ወደቀባቸው። የመጀመሪያው ንድፍ እንኳ የከተማው የሕንፃ ደንብ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሟላ እንደነበር በኋላ በምርመራ ተረጋግጧል። ለውጡ ሲጸድቅ መጋጠሚያውን እንደገና ያሰላ ሰው አልነበረም። በዚያ ምሽት መተላለፊያዎቹ በሰው በተሞላው አዳራሽ ላይ ወደቁ፤ 114 ሰዎች ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ፣ ይህን አደጋ ለማስቀረት ምን ያህል ሒሳብ ያስፈልግ እንደነበር አስቡ። ለሁለት ማባዛት ብቻ ነበር። ሒሳብ አትማሩ ማለቴ ግን እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ካልኩለስ የማይወድ ተማሪ በዚህ ሙያ ብዙ ይቸገራል። የምለው፣ ፈተና ላይ ከጓደኞቹ ቀድሞ የጨረሰ ልጅ የተሻለ መሐንዲስ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ አትመኑት ነው። አብረውኝ ከሠሩት መካከል ሥራቸውን ዓይኔን ጨፍኜ የምቀበላቸው አዝጋሚዎቹ ነበሩ።

እኔም ፈጣን ነኝ ብዬ የማስብበት ዘመን ነበረኝ። በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ወለል ተሸካሚ አግዳሚ (ቢም) ርዝመት ከ6 ሜትር ወደ 9 ሜትር እንዲሆን ተወሰነ፤ እኔም ጥንካሬውን እንደገና አስልቼ፣ የቢሙን ቁመት ሳልነካ ብረቱን ጨምሬ፣ ወረቀቱን በኩራት ለአለቃዬ አቀረብሁላቸው። እርሳቸው አንብበው ሲጨርሱ፣ «አይሰበርም፤ ግን ምን ያህል ይረግባል?» ብለው ጠየቁኝ። አላሰላሁትም ነበር። በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይለወጥ ርዝመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል ከሁለት እጥፍ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ርግበቱ ግን ከርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ አምስት እጥፍ ይደርሳል። ወለሉ ባይወድቅም የሚራመድበትን ሰው ያስደነግጥ፣ ከሥሩ ያለውንም ግድግዳ ይሰነጥቅ ነበር። አልተቆጡኝም፤ ወረቀቱን መልሰው ብቻ ሰጡኝ፤ ያም ከቁጣ ይብስ ነበር።

ዛሬ ይህን ስሌት ኮምፒዩተር በሰከንድ ይሠራዋል፤ እናንተም ልትጠቀሙበት ይገባል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ የሰጣችሁትን ቁጥር እንጂ የረሳችሁትን አያይም። ወደ ማርስ የተላከች አንዲት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው፣ አንዱ ቡድን የግፊቱን መጠን በፓውንድ ሲያሰላ ሌላው በኒውተን የተሰላ መስሎት በመቀበሉ ነው። መምህራችሁ የመለኪያውን ስም ባለመጻፋችሁ ነጥብ ሲቀንሱባችሁ ታዲያ አትቀየሟቸው።

ለመጀመር ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም። ጫን ስትሉት የሚጎብጥ ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ከጠርዙ አሳልፉት፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ክፍል በከባድ መጻሕፍት ተጫኑት። ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ለኩ። ቀጥሎ 20 ሳንቲ ሜትር አሳልፋችሁ በዚያው ክብደት ድገሙት፤ ዝቅታው ስምንት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ከዚያም ማስመሪያውን በጠርዙ አቁማችሁ ሞክሩት፤ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ መጉበጥን መቶ እጥፍ ስለሚቋቋም ዝቅታውን በዓይን ለማየት ትቸገራላችሁ። ቢሞች ለምን ከወርዳቸው ይልቅ ቁመታቸው እንደሚበልጥ በእጃችሁ ያወቃችሁት ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከስምንት ያነሰ ቁጥር ከሰጣችሁ፣ ማስመሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት መጻሕፍቱን ተመልከቱ፤ አጥብቀው ካልያዙት ማስመሪያው ከሥሩ ይነሣል፤ ጭነቱን የሚረከበው ጠፍቷል ማለት ነው። አጥብቃችሁ እንደገና ለኩና ሁለቱንም ቁጥሮች ደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው፤ የመጀመሪያውን አትሰርዙት።