በጋለ ብረት ላይ ሰዓቱንም ቁጠሩ

የጋለ ብረት ድካምና መበላት የምትፈትሹ ውድ ልጆቼ፣

ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ የሚወጣ፣ ሰው ጢም ብሎ የሞላው ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ልቤ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ባለአራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ 1,500 ጊዜ ይቃጠላል፤ በሰዓት 90,000 ጊዜ ማለት ነውና 10 ሚሊዮን ዑደት፣ ማለትም ጭነት መጥቶ የሚለቅበትን ዙር፣ ለመሙላት 111 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቬለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክሰሎችን ሲፈትሽ የጠየቀው ብረቱ በስንት ዑደት ደክሞ እንደሚሰበር ነበር። ለቀዝቃዛ ብረት ይህ በአብዛኛው ይበቃል። በከፍተኛ ሙቀት ግን ብረቱ ጭነቱ ባይለዋወጥም ቀስ በቀስ ይሳባል፤ ኦክስጅንም በስንጥቁ አፍ እየገባ ይበላዋል፤ ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ናሙናውን ደጋግሞ የሚጭነውን ማሽን አፍጥናችሁ ፍተሻውን በጥቂት ቀን ብትጨርሱ የምትፈትሹት የብረት ቅይጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ይመስላችኋል፤ ያው ቅይጥ በየዑደቱ ጥቂት ደቂቃ ተጭኖ እንዲቆይ ሲደረግ ግን እጅግ ባነሰ ዑደት ሊሰበር ይችላል። ይህን ለአለቃ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ወር የሚፈጅ ፍተሻ ማን ይወዳል?

በፍትጊያ መበላትም ቢሆን ለግምት አይመችም። ብረት ሲግል ስለሚለሰልስ ይበልጥ ይበላል ትሉ ይሆናል፤ ሆኖም አንዳንድ የኒኬልና የኮባልት ቅይጦች ከተወሰነ ሙቀት በላይ ሲፋተጉ የረገፈው ኦክሳይድ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደው ቅርፊት፣ ተደፍጥጦ ልሙጥ ሽፋን ይሠራና መበላቱን ይቀንሰዋል።

እኔ በወጣትነቴ የብዙ ሳምንት ውጤት ጥያለሁ። የምድጃው መለኪያ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳይ ነበር፤ ሙቀቱን የሚለካው የሽቦ መለኪያ፣ ቴርሞካፕሉ፣ ግን የተቀመጠው ከምድጃው ግድግዳ አጠገብ ነበር፤ ናሙናው ደግሞ ሙቀቱን ውሃ በሚያቀዘቅዛቸው መያዣዎች በኩል ያጣ ነበር። ሌላ ቴርሞካፕል ናሙናው ላይ ባሰርሁ ጊዜ ነው ስሕተቴ የገባኝ።

ናሙናው ሲሰበር ሁለቱን ገጾች ለማየት ብላችሁ መልሳችሁ አታጋጥሟቸው፤ ምልክቱ ይጠፋል። ቀድሞ የተሰነጠቀው ክፍል በግለት ብዙ ስለቆየ ብዙውን ጊዜ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፤ ስንጥቁ የጀመረበትንም ከዚያ ፈልጉ። ምድጃው ናሙናው እንደተሰበረ ራሱ እንዲጠፋ አድርጉ፤ ሌሊት ተሰብሮ እስከ ጠዋት በግለት ካደረ ገጹ በሙሉ ይጠቁርና የቱ ቀድሞ እንደተሰነጠቀ መለየት ይቸግራችኋል።