ሲንክ በችክችካ ላይ ለምን ያዋርድሃል

«ዲዲጄ ኤፍኤልኤክስ4 ኮንትሮለር አለኝ፣ ላውንጅ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አማፒያኖና ሃውስ ሲንክ አድርጌ ጥሩ ይሄድልኛል፤ የሐበሻ ሙዚቃ ሳስገባ ግን ሁሉም ይተራመሳል፣ ሰዉም ይቀመጣል። የትኛውን ሶፍትዌር ብገዛ ይሻላል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ምንም አትግዛ። ከእኔ በፊት «ሰራቶ ግዛ»፣ «ትራክተር ይሻላል» ብለው የመለሱልህ ልጆች አንድም ችክችካ በእጃቸው ግሪድ (ምቶቹ ላይ የሚያርፉት መስመሮች) አድርገው እንደማያውቁ መልሳቸው ያሳብቃል። ሬኮርድቦክስም ሰራቶም እኩል ይሳሳታሉ። ጥፋቱ ያለው ዘፈኑ አጠገብ የተጻፈው ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ የምት ቁጥሩ ላይ ነው፤ ሲንክ የሁለት ዘፈን ፍጥነት በራሱ የሚያገጥመው በዚያ ቁጥር ነው፣ እሱን ደግሞ በነጻ ታስተካክለዋለህ።

ኪው ምን እንደሆነ፣ ሄድፎን ላይ እንዴት እንደሚሰማ አልነግርህም። ሁለት ወር ከሠራህ ታውቀዋለህ።

1. ቁጥሩን በእግርህ ቁጠር። ችክችካ በአንድ ዙር ስድስት ትናንሽ ምት አለው፣ እግር የሚመታው ግን ሁለቴ ነው፤ በየሦስቱ ምት አንዴ። እግርህ በደቂቃ 120 ከመታ፣ ትንንሾቹ ምቶች 360 ናቸው ማለት ነው። ሶፍትዌሩ የለመደው አራት በአራት ስለሆነ ትንንሾቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምርና 180 ይልሃል፣ ወይም አራት አራት አድርጎ 90 ይልሃል። አንተ ደግሞ 180 ስታይ «እጥፍ አድርጎት ነው» ብለህ ግማሽ የሚያደርገውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ 90 ይሆናል፣ እሱም ስህተት ነው። ትክክለኛው የ180 ሁለት ሦስተኛ ነው፣ 120። ሬኮርድቦክስ ላይ ያሉት እጥፍና ግማሽ ቁልፎች ናቸው፣ ሁለት ሦስተኛ የሚል ቁልፍ የለም፤ ቁጥሩን ራስህ ትጽፋለህ። ነጻው ሚክስ (Mixxx) የተባለው ሶፍትዌር ላይ ግን ሁለት ሦስተኛና ሦስት አራተኛ የሚሉ ምርጫዎች አሉ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ኮምፒውተርህ ላይ ቢኖር አይከፋም።

ሲንክ ስትጫን ምን እንደሚፈጠር አሁን ይገባሃል። 120 ላይ ሃውስ እየሄደ ነው። የሐበሻው ዘፈን በእግር ልክ 120 ነው፣ ማለትም ምንም መንካት አያስፈልገውም ነበር። ሶፍትዌሩ ግን 90 ብሎ ስለጻፈው ወደ 120 ሊያደርሰው በሲሶ ያፈጥነዋል። እግሩ 160 ይገባል። ማስተር ቴምፖን (ፍጥነት ሲቀየር የድምፁን ቅጥነት እንዳለ የሚይዘውን) ካጠፋህ ዘፋኙ እንደ ወፍ ይንጫጫል፣ ካበራህ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል። ሰዉ የሚቀመጠው ሐበሻ ስለከፈትክ አይደለም፣ እስክስታ በ160 የሚወርድ ትከሻ ስለሌለ ነው።

ሉፕህ ለምን እንደሚያነክስም ከዚሁ የመጣ ነው። ግሪዱ ትክክል ሲሆን የአራት ምት ሉፕ 12 ትናንሽ ምት ይይዛል፣ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ንጹሕ። በ90 ግሪድ ግን አራት ምት ማለት 16 ትናንሽ ምት ነው፤ ሁለት ዙርና አራት ትርፍ። በ180 ደግሞ ስምንት፤ አንድ ዙርና ሁለት ትርፍ። ከበሮው በተመለሰ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ኢኮ ስትከፍትም እንደዚያው ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ምት አድርገው፤ ግማሽና ሦስት አራተኛ ላይ ካደረግከው የሚመለሰው ድምፅ በሦስቶቹ መሃል እየገባ ጭቃ ያደርገዋል።

2. ግሪዱን በእጅህ ሥራ፣ ከዚያ ቆልፍ። ዘፈኑን ክፈት፣ ኳንታይዝን (ሁሉን ወደ ግሪዱ የሚጎትተውን) አጥፋ፣ 30 ሰከንድ እግርህን ቁጠርና በሁለት አባዛ። ያገኘኸውን ቁጥር ጻፍ። የመጀመሪያውን የግሪድ መስመር የከበሮው ወፍራም ምት ላይ አስቀምጥ። ጭብጨባው ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ጭብጨባ ብዙ ጊዜ ጆሮን ያታልላል። ሜትሮኖሙን አብራና ዘፈኑ መሃል ላይ፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ሄደህ ስማ። መሃሉ ላይ ትንሽ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ቁጥሩን በነጥብ ቤት አስተካክል፤ 120 ያልከው 119.6 ሊሆን ይችላል። ከገጠመ በኋላ ግሪዱ እንዳይቀየር የሚቆልፈውን የአናሊሲስ ሎክን አብራ፣ ሰራቶ ከሆነም የቁልፏን ምልክት ተጫን። ሰዎች አንድ ቀን ሙሉ ግሪድ ሲሠሩ ውለው ማታ ላይብረሪውን እንደገና አናላይዝ ያደርጉና ልፋታቸውን በአንዴ ያጠፉታል። ይኼ ስህተት ብዙ ልጆችን አስለቅሷል፣ እና ሎኩ አንድ ጠቅታ ነው።

ይኼ ሁሉ የሚሠራው በድራም ማሽን ወይም በኪቦርድ ሪትም ለተሠራ ዘፈን ነው። የድሮዎቹ፣ አምሃ ሪከርድስ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያወጣቸው ሸክላዎች፣ ሰው ቁጭ ብሎ ድራም እየመታ የተቀረጹ ናቸው። አዝማቹ ላይ ይፈጥናሉ፣ ሳክስፎኑ ሲገባ ይረጋጋሉ። አንድ ቁጥር አይገዛቸውም። ሬኮርድቦክስ ላይ የአናሊሲሱን ዓይነት ከኖርማል ወደ ዳይናሚክ ቀይር፤ ካልገጠመ በየ16 ምቱ እየቆምክ «ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻ» የሚለውን መርጠህ ግሪዱን አዲስ አስነሳ። ትራክተር ደግሞ ተጣጣፊ ግሪድ ያመጣው በአራተኛው ነው፤ የቆየው ካለህ ለእነዚህ ዘፈኖች ሲንክን ጭራሽ እርሳው። እውነቱን ለመናገር ግን ለድሮ ዘፈን ግሪድ ላይ ሁለት ሰዓት ከመፍጀት ጆግ ዊሉን (ክቡን ሳህን) በጣት እየነካካህ መያዝ ይቀላል። ዋናውን ድራም 16 ምት ብቻ መያዝ ከቻልክ ሚክሱ አልቋል።

ጉራጊኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ ስታስገባ ይኼን የችክችካ ሂሳብ አትገልብጠው። እያንዳንዱን እንደገና በእግርህ ቁጠር።

3. የሃውሱን ሃይሃት አንሣ። ቁጥሩ ገጥሞ እንኳ የሚተራመስብህ እዚህ ጋ ነው። 120 ላይ ያለ ሃውስ ሃይሃቱና ሼከሩ አንዱን ምት ለአራት ይከፍሉታል፣ ችክችካ ደግሞ ለሦስት። በደቂቃ 480 ከ360 ጋር፣ ሁለቱም ከፍ ባለ ድምፅ ሲንጫረሩ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይረበሻል። ስለዚህ ኪኩን ተወው፣ ሃዩን (የቀጭን ድምፁን መዞሪያ) ግን ወደ ግራ አዙረው። ትራክ ስትመርጥም ሃይሃቱ ጥቂት የሆነ፣ ወይም ሼከሩ ወዝወዝ የሚል አፍሮ ሃውስ ምረጥ፤ ከ118 እስከ 124 ያለው ለፈጣኑ ችክችካ ይመቻል። አማፒያኖ በአብዛኛው 110 እና 115 መሃል ስለሆነ ለመካከለኛው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሎግ ድራሙ (ወፍራሙ የአማፒያኖ ቤዝ ምት) የቤዙን ቦታ በሙሉ ይይዛል። የሐበሻው ቤዝ ጊታር ከሎግ ድራም ጋር አብሮ ከተሰማ ድምፁ ገንፎ ነው። ጠንካራ ቴክኖ ላይ ችክችካ የሚጭኑ አሉ፤ ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ክለብ ውስጥ ግን እስካሁን የሚጨፈርበት አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ስህተት ያልኩህ 90 የት እንደሚጠቅም ልንገርህ፣ ይኼን ብዙ ዲጄ አያውቀውም። በ90 የሚሄድ ሬጌ ወይም ሂፕሆፕ ምቱን ለአራት ስትከፍለው በደቂቃ 360 ይሆናል። የ120 ችክችካም 360 ነው። ትንንሾቹ ምቶች አንድ ለአንድ ይገጥማሉ! ኪኮቹ ብቻ ይጠላለፋሉ፣ እነሱም በየሦስቱ የሬጌ ምት፣ ማለትም በየአራቱ የችክችካ ምት፣ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ከሃውስ በ120 ወደ ችክችካ፣ ከችክችካ በቀጥታ ወደ 90 ሬጌ መውረድ ትችላለህ፣ ፒች ሳትነካ፣ ሙዚቃ ሳታቆም። የሚወጣውን ዘፈን ቤዝ ሙሉ በሙሉ ዝጋ፣ ተሸጋግሮ ለመጨረስ ከ12 የችክችካ ምት በላይ አትቆይ፤ ከቆየህ እግር ግራ ይጋባል። ይኼን በጆሮው የሚሠራ ዲጄ ፊት «ሲንክ የለኝም» ብሎ ማልቀስ ያሳፍራል።

4. መግቢያ ለራስህ ሥራለት። የውጭ ትራክ ለዲጄ ተብሎ 32 ምት ባዶ ድራም ይቀድመዋል። የሐበሻ ዘፈን በክራር ወይም በኪቦርድ ያለ ምት ያንጎራጉርና በድንገት ይገባል፣ ሲያልቅም ቀስ ብሎ ይጠፋል። እንቆቅልሹን ሌሊት መድረክ ላይ አትፍታው። በሁለተኛው አዝማችና በሦስተኛው ግጥም መካከል ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ዝም የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያለውን የአራት ምት ድራም ሉፕ አድርገህ በሆት ኪው (በአንድ ቁልፍ በሚጠራ ምልክት) አስቀምጥ። ወይም ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ላይ ያንኑ ስምንት ጊዜ ደጋግመህ ከፊቱ ለጥፍ፣ 32 ምት መግቢያ ሆነልህ።

ሲገባ፦ የሚገባው ዘፈን ሎው (የቤዙ መዞሪያ) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሃዩ ከመሃል ትንሽ ዝቅ፣ ፌደሩን በ16 ምት ውስጥ ክፈት። ዙሩ ሲጀምር፣ በዚያው ቅጽበት፣ የአንዱን ሎው ዝጋና የሌላውን ክፈት። ላውንጁ ዲጄኤም 900 ኔክሰስ 2 ሚክሰር ካለው የኢኪው ከርቭ ማብሪያውን ተመልከት፦ ኢኪው ላይ ከሆነ ሎውን እስከ መጨረሻ ብታዞረውም 26 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ትንሽ ቤዝ ይሾልካል፤ አይሶሌተር ላይ ከሆነ ግን ፈጽሞ ይጠፋል። የለመድከው አንዱን ከሆነና ሌላው ላይ ከተገኘህ እጅህ ይሳሳታል።

5. የካሜሎት ቁጥርን (የትኞቹ ዘፈኖች በድምፅ እንደሚስማሙ የሚያሳየውን፣ እንደ 8ቢ ያለ ምልክት) በልክ እመን። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ሜጀርና ማይነር ነው፣ ቅኝት አያውቅም። ትዝታ ሜጀር ቸር ነው፦ ከሲ የተነሣ ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፣ እነዚህ ደግሞ በሲም በኤፍም በጂም ሜጀር ውስጥ አሉ። 8ቢ፣ 7ቢ፣ 9ቢ፣ ሦስቱም ይሄዱለታል። አምባሰልን ግን ሶፍትዌሩ ቤቱን ይስትበታል፤ ከሲ የተነሣውን ኤፍ ማይነር ብሎ 4ኤ ይጽፍልሃል፣ ዘፋኙ የሚያርፈው ግን ሲ ላይ ነው። በ4ኤ ቤዙ የሚበዛ ትራክ ከሥሩ ብታስገባ ድምፁ አይጋጭም፣ አምባሰልነቱ ግን ይጠፋል። አንቺ ሆዬን ከማንም ዜማ ጋር አታጋባ፣ በድራም ብቻ ግባ በድራም ብቻ ውጣ። ከካሴት የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፍጥነቱን አርም፦ ቴፑ በ3 በመቶ ከፈጠነ ድምፁ በግማሽ ሴሚቶን ገደማ ወጥቷል፣ ከየትኛውም ትራክ ጋር አይስማማም። ማስተር ቴምፖን አጥፍተህ ፒቹን ብታወርደው ፍጥነቱም ድምፁም አብረው ይመለሳሉ።

6. ከዩቲዩብ አትቅዳ ብዬ ነበር ልጀምር ያሰብኩት፣ ግን ሁሉም እንደሚቀዳ አውቃለሁ። ቢያንስ ይኼን እወቅ፦ የተጨመቀን ፋይል 320 አድርጎ መቀየር ምንም አይጨምርለትም። ስፔክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ ክፈተው፤ 16 ኪሎኸርትዝ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ካየህ ፋይሉ ደካማ ነው፣ ስሙ 320 ቢልም። ትልቅ ስፒከር ላይ ጭብጨባው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ያኔ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «ድምፅ ጨምር!» ይላል፣ አንተም ጌይኑን ቀይ ላይ ታደርሳለህ፣ የተቆረጠው ሞገድ የስፒከሩን ትዊተር ያቃጥላል፣ በነጋታው ከደሞዝህ ይቆረጣል። የሚቆርጠው ራሱ ጨምር ያለው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ከሳውንዱ ልጅ ጋር ተስማማ፦ የቻናሉ መብራት አረንጓዴ ላይ፣ ከፍ ሲል ቢጫ፣ ቀይ በፍጹም። «ጨምር» ሲሉህ አምፑ ላይ ይጨመር። የድሮ ዘፈን ከአዲስ አማፒያኖ በጣም ስለሚያንስ ልዩነቱን በትሪም (በቻናሉ የጌይን መዞሪያ) አስተካክል፣ በፌደር አይደለም።

ስልኩን ዘርግቶ «ይቺን ብቻ፣ አንዴ» የሚልህ ደንበኛ ሁሌም አለ። ስልኩን ሚክሰር ላይ አትሰካ፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ቀልድ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ላፕቶፕህ በባትሪው ይቆያል፣ ሚክሰሩና ሲዲጄዎቹ (ማጫወቻዎቹ) ግን ይሞታሉ። ሲመለሱ ፍላሹን እንደገና ማንበብ አለባቸው። ሁለት ሲዲጄና ሚክሰር አንድ ላይ ከ150 ዋት አይዘሉም፣ ስለዚህ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ በምቾት ይይዛቸዋል። አምፑን እዚያ ላይ አትሰካ፣ ወዲያው ይጥለዋል። ፍላሹንም ፋት32 ፎርማት አድርገህ ሁለት ያዝ፤ ሲዲጄ 2000 ኔክሰስ 2 ኤክስፋትን አያነብም፣ እዚያ ቆመህ «ፋይሉ አለ እኮ» ብትል ማንም አይሰማህም።

ግሪድ አልገጥም ያለህ ዘፈን ካለ ስሙንና ሶፍትዌሩ የሰጠህን ቢፒኤም እዚሁ ጻፍ፣ የእግሩን ቁጥር እነግርሃለሁ።