መያዣ፣ ኩላብ ወይስ ጋንቾ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሙሴን ድንኳን ሞዴል እየሠራን ነው። ዘፀአት 26 ላይ መያዣም ኩላብም ተጠቅሷል። አንድ መምህር ሁለቱ ያው ናቸው አሉን። ዕብራይስጡ ምን ይላል? መያዣውስ ምን ይመስላል?»

ያው አይደሉም። መምህሩ ላይ ግን አልፈርድም፤ ጥፋቱ የ«መያዣ» ነው። ከ«ያዘ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ ዘ እና ያ ተዋሕደው ዣ ሆኑ። ስለዚህ የሚይዝ ነገር ሁሉ መያዣ ነው። ባንክ ብድር ሲሰጥ መያዣ ይጠይቃል። የጋለ ድስት የሚወጣበት ጨርቅም መያዣ ነው። ሁሉን የሚል ቃል ምንም አይልም፤ ይህ የቆየ ቅሬታዬ ነው።

ዕብራይስጡ ሁለቱን ለይቷል። መያዣ የተባለው ቄሬስ ነው፣ ሲበዛ ቅራሲም። ኩላብ የተባለው ደግሞ ዋው ነው፣ ሲበዛ ዋዊም። ዋው ምሰሶ ላይ ይሆንና መጋረጃ ይንጠለጠልበታል። ቄሬስ ከምሰሶ ጋር ጉዳይ የለውም፤ መጋረጃን ከመጋረጃ ያጋጥማል።

ዋውን ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። መዝሙር 118 በፊደል ተራ ሲከፋፈል ስድስተኛው እሱ ነው። የፊደሉ ስም ከኩላብ የመጣ ነው። የኛው ወ ዘመዱ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ቃልን ከቃል ያያይዛል፣ «ሰማየ ወምድረ» እንደምንለው። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ዋው ተነስቶ ዝም ማለት አልችልም።

ወደ ቄሬስ። ቃሉ ከኦሪት ዘፀአት ውጭ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። ሥሩ ቀ-ረ-ሰ መጉበጥን፣ መጠንበስን ይመስላል። ኢሳይያስ 46 ላይ የባቢሎኑ ጣዖት ናባው ሲጎብጥ ግሡ ይኸው ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዛሬም ግሡን ይሰሙታል፦ ሕንፃ ሲደረመስ «ካራስ» ይባላል፣ ኮምፒውተር ቀጥ ሲልም እንዲሁ። ስለዚህ ቄሬስ የጎበጠ ብረት ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ አገር የነበረው የአይሁድ መጽሐፍ ተርጓሚ ራሺም አጠቃቀሙን ሲያስረዳ አንዱ ጫፍ በዚህኛው መጋረጃ ቀለበት፣ ሌላው ጫፍ በዚያኛው ይገባል ይላል።

«የለም፣ ክብ ቀለበት ነው» የሚሉ አሉ። መነሻቸው የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ነው፤ ክሪኮስ ይለዋል፣ ቀለበት ማለት ነው። ላቲኑም ተከተለው። እኔ አልቀበልም። በመጋረጃዎቹ ጠርዝ ላይ ሃምሳ ሃምሳ የክር ቀለበት አለ። ዙሪያው የተዘጋ የወርቅ መያዣ በክር ቀለበት ውስጥ በየት በኩል ይገባል? ደግሞ ድንኳኑ ሰፈር በተነሣ ቁጥር ይፈታል። መቼም በየጉዞው ወርቅ አይቆረጥም።

ግሪኩ እዚህ ምዕራፍ ላይ እምነት አይጣልበትም። ቁጥር 33 ላይ ዕብራይስጡ ቅድስተ ቅዱሳንን የሚለየው መጋረጃ ከቅራሲም በታች ይሰቀል ሲል ግሪኩ «በምሰሶዎቹ ላይ» ይላል። ተርጓሚው በቅራሲም ፋንታ ቅራሺም፣ ማለትም ሳንቃዎች፣ ብሎ ያነበበ ይመስላል። በዚሁ ምዕራፍ ሳንቃዎቹን የሚጠራውም ምሰሶ እያለ ነው። ሳምኬት (ሰ) በሳን (ሸ) ተለወጠና መጋረጃው ቦታ አጣ።

ለሞዴላችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድንኳኑን የሚሸፍኑት የበፍታ መጋረጃዎች አሥር ናቸው፤ አምስት አምስት ሆነው ተሰፍተዋል፣ የአንዱ ወርድ 4 ክንድ ነው። ከደጃፉ ከጀመራችሁ አምስቱ 20 ክንድ ይሸፍናሉ። የሳንቃው ግድግዳ ርዝመት 30 ክንድ ነው፤ ሃያ ሳንቃ፣ እያንዳንዱ አንድ ክንድ ተኩል። ሃምሳው የወርቅ ቄሬስ የሚደረደረው እንግዲህ 20ኛው ክንድ ላይ ነው። የሚለየውን መጋረጃ ከሥሩ ስቀሉ። ከጀርባው 10 ክንድ ይቀራል፤ ቅድስተ ቅዱሳን እሱ ነው። በላይ ያሉት የፍየል ጠጉር መጋረጃዎች መያዣ ሃምሳ ነው፣ እሱ ግን ናስ ነው። ወርቁን ተልሙድ የተባለው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ በሰማይ ላይ እንዳሉ ከዋክብት ይታይ ነበር ይላል።

በአማርኛ ምን እንበለው? ቁልፍ አይሆንም፤ ሸሚዝም በርም ወስደውታል። እኔ ዘለበት ይጥመኛል። ለምን ቢሉኝ ድምፁ ያምራል ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። እንዲያውም የቀበቶ ዘለበት ዙሪያው የተዘጋ ነው፤ ከላይ ለተከራከርኳቸው ሰዎች ያደላል።

ልብስ ሰፊ ብትጠይቁ ግን ጋንቾ ይላችኋል። የቀሚስ ጋንቾ የጎበጠች ሽቦ ናት፣ ከክር በተሠራ ቀለበት ውስጥ ትገባለች። ቄሬስ ማለት ቁርጥ እሱ ነው። ከጣልያን የመጣ ቃል ኦሪት ውስጥ መግባቱ ይከነክነኛል። ግን ምን አደርጋለሁ፣ ኩላብም ዓረቦችና ሶርያውያን ቤት የሚገኝ ቃል ነው፤ እሱን ማንም በእንግድነት አያየውም።

ለልጆቹ ጋንቾ በሏቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ሞዴሉ ላይ ወረቀት ስትለጥፉ ግን ዘለበት ብትሉልኝ ደስ ይለኛል።