የሚነፋ እርጎ እና ጅማ ላይ የሚያንሰው ግፊት

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ወተት እየገዛሁ እርጎና አይብ ለሻይ ቤቶች አስረክባለሁ። አንዳንድ ጊዜ እርጎው በማግስቱ ጋዝ ቋጥሮ ክዳኑን ይገፋል፤ ከእሱ የወጣው አይብም ቶሎ ይሸታል። አይቡን ሳወጣ አብዝቼ ባሞቀው ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም፤ መሞቅ ያለበት ወተቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚታይ ጋዝ ብዙውን ጊዜ የኮሊፎርም ባክቴሪያዎች ሥራ ነው፤ እነሱም ከእበት፣ ካልታጠበ እጅና ከቆሸሸ ውሃ ይመጣሉ። አሬራው አይብ እስኪሆን በተለምዶ የሚያገኘው 50 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ሁሉንም ጎጂ ተህዋስያን አይገድልም። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተባለው መርዝ አመንጪ ባክቴሪያ ነው። ጡቷን ከታመመች ላም ወይም ከቆሰለ እጅ ወደ ወተቱ ይገባል፤ ከተራባ በኋላ ቢፈላ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን ይቀራል። ስለዚህ ወተቱን ሳያሳድሩ እንደተረከቡ ያሙቁት። ከኮሊፎርሞች አንዱ የሆነው የኢ. ኮላይ አንድ ሕዋስ በ37 ዲግሪ በየ20 ደቂቃው ሲከፈል በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ያልፋል።

ወተቱን አጥልለው 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። ቴርሞሜትር ከሌለዎት አንዴ ይገንፍል፤ ጅማ ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለወተት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው እያማሰሉ እስከ 30 ዲግሪ ያብርዱት። ሙቀቱ ወተቱን የሚያረጉትንም ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ይጨምሩ፤ ከተነፋው ፈጽሞ አይውሰዱ።

ዕቃውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ፤ ሙቅ ውሃ ከቀደመ የወተቱ ፕሮቲን ይጣበቃል። ቀጥለው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይፈትጉት። በመጨረሻ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 4 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ለ2 ደቂቃ ያስነኩት፤ ደፍተው ያድርቁ። ቅባት ባልለቀቀው ዕቃ ላይ በረኪና አቅም የለውም። በወይራ ማጠን ጣዕም ይሰጣል፣ ተህዋስያንንም በመጠኑ ያዘገያል፤ እጥበትን ግን አይተካም።

ወተቱ በተቃራኒው አልረጋ ካለዎት ላሟ አንቲባዮቲክ ተወግታ እንደሆነ አቅራቢዎን ይጠይቁ። መድኃኒቱ የሚያረጉትንም ባክቴሪያዎች ይገታል። የመድኃኒቱ መታገሻ ቀናት (ከላሟ ወተት እስኪጠፋ የሚጠበቁት) ሳያልቁ የታለበ ወተት ለሽያጭ መቅረብ የለበትም።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በአውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት ተህዋስያንን በሚገድል ማሽን) በ15 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ) ለ15 ደቂቃ ያመከንኩት ሚዲያ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) ምንም ሳልዘራበት ባክቴሪያ ያበቅላል። ምን ጎደለ?

መልስ፦ የግፊት መለኪያው የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 15 ፒ.ኤስ.አይ. 121 ዲግሪ ይሰጣል፤ ጅማ ላይ የውጭው የአየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ያው 15 የሚያደርሰው 118 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ያስፈልጋል። የማሽኑ የተፈቀደ ከፍተኛ ግፊት ይህን የማይችል ከሆነ አያስገድዱት፤ በ15 ላይ ጊዜውን እጥፍ አድርገው 30 ደቂቃ ያቆዩ። ቫልቩን ከመዝጋትዎ በፊትም እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ እስከ 10 ደቂቃ ይውጣ፤ ውስጥ የቀረ አየር መለኪያው ትክክል እያሳየ ሙቀቱን ያወርደዋል። ትልልቅ ጠርሙሶች መሃላቸው ዘግይቶ ስለሚሞቅ ተጨማሪ ጊዜ ይስጧቸው። መምከኑን ለማረጋገጥ ሙቀትን በጣም የሚቋቋመው ባክቴሪያ የጂኦባሲለስ ስቴሮቴርሞፊለስ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የተኛ ሕዋስ) ያለበትን መፈተሻ ጭነቱ መሃል አስቀምጠው በኋላ በ55 ዲግሪ ያሳድጉት፤ ከበቀለ ዙሩ አልሠራም።