የድሬ ሙቀት ዲኤንኤን ያቀልጠዋል? ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዘር መረጃችንን ስለሚይዘው ሞለኪውል፣ ስለ ዲኤንኤ አወቃቀር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብል ከከዚራም ከሳቢያንም ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

መምህር፣ ዲኤንኤ የተጠማዘዘ መሰላል ነው ይሉናል። ከምን ነው የተሠራው?
ሁለቱ ቋሚዎች ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቁ የተቀጣጠሉባቸው ክሮች ናቸው። መርገጫዎቹ ቤዝ የሚባሉ ሞለኪውሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሠሯቸው ናቸው፦ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን። ክሮቹ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚስተው ይህችን ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አዴኒን 30 በመቶ ከሆነ ጓኒን ስንት ነው?
20። ታይሚንም 30 ስለሆነ ሁለቱ 60 ያዙ። የቀረውን 40 ጓኒንና ሳይቶሲን እኩል ይካፈሉታል። ቀመር አትሸምድጂ፤ ማን ከማን እንደሚጣመር ካወቅሽ በቃ።

አቦ፣ በዚህ ሙቀት ዲኤንኤያችን አይቀልጥም እንዴ?
ቀልድ ቢመስልም ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ጥንዶቹን የሚያያይዛቸው የሃይድሮጂን ትስስር ነው፤ አዴኒንና ታይሚን መካከል ሁለት፣ ጓኒንና ሳይቶሲን መካከል ሦስት። እያንዳንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ በሚሊዮን ሲደረደር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ላብራቶሪ ውስጥ ክሮቹን ለማላቀቅ 95 ዲግሪ አካባቢ ያሞቁታል። ዲኤንኤን እያባዛ የሚመረምረው ፒሲአር የሚባለው ምርመራ የሚጀምረው በዚሁ ነው። ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ቤዝ እንደገና ጥንዱን ይይዛል። ያንተ ሰውነት ደግሞ ግንቦትም ይሁን ኅዳር 37 ዲግሪ ገደማ ነው። አይዞህ።

የጫት ዲኤንኤ ከሰው ይለያል?
አራቱ ቤዞች ያው ናቸው። የሚለየው ቅደም ተከተላቸውና ብዛታቸው ነው።

ማን አገኘው?
ንጥረ ነገሩን ስዊዘርላንዳዊው ሚሸር በ1869 እ.ኤ.አ. ከመግል ውስጥ ለየው። አወቃቀሩን ዋትሰንና ክሪክ በ1953 አሳተሙ። ከሮዛሊንድ ፍራንክሊን ላብራቶሪ የወጣው የኤክስሬይ ምስል ግን እሷ ሳታውቅ ለዋትሰን ታይቶ ነበር። በ1958 አረፈች፤ በ1962 ኖቤሉን ሦስት ወንዶች ወሰዱ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሥራዋን ያህል አልተዘመረላትም።

በዓይን ማየት ይቻላል?
አንዱን ሞለኪውል አይቻልም፤ ስፋቱ 2 ናኖሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሚሊዮንኛ ነው። ብዙው ተጠቅልሎ ግን ይታያል። ግማሽ ሙዝ በውሃ ፍጩ። ትንሽ ጨውና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በቀስታ አማስሉ። ሳሙናው የሕዋሱን የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል። በቡና ማጥለያ አጥልሉትና ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ቀዝቃዛ አልኮል በጠርዙ አፍስሱ፤ ከእሳት ግን ራቁ። ዲኤንኤ አልኮል ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ በሁለቱ ፈሳሾች መገናኛ ላይ ነጭ፣ ንፍጥ የሚመስል ነገር ይንሳፈፋል። በስንጥር ጠቅልላችሁ አውጡት። አልኮሉ ካልቀዘቀዘ እዚህ አገር ብዙም አይወጣላችሁም።