ጨውና አሮጌ የጀልባ ሞተር፦ የአንባቢያን ጥያቄ

ከሰሞኑ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጀልባ ሞተርና ስለ ጨው ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሰላምታችሁ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከባሕር ዳር፦ እኔም እንደ ባሕር ሰዎች ሞተሬን በየቀኑ ውስጡን ማጠብ አለብኝ ወይ?

የለብህም፤ ጣና ጨው የለውም። አንተ እምቦጩን ጠብቅ፤ የውሃ መሳቢያውን የሚደፍንብህ እሱ ነው።

ከጅቡቲ፦ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሰዎችን ወደ ሙሻ ደሴት ያመላልሳል። ሞተሩ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣ አሮጌ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ነው። «ማታ ማታ በባልዲ ውሃ እየደፋሁ አጥበዋለሁ። ግን ሩብ ሰዓት ስነዳው ይግላል፤ ከጎኑ የሚሸናው ውሃም ቀጥኗል» ይላል።

ባልዲህን አስቀምጥ ወንድሜ። ባልዲ የሚያጥበው ቀለሙን ነው። ጨው ያለው ውስጥ ነው።

ይህ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ባሕሩን ራሱን እየጠጣ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ደግሞ 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ውሃው ስለሚሮጥ ችግሩ ያን ያህል አይደለም። ጉዱ የሚመጣው ስታጠፋው ነው። በየጥጋጥጉ የቀረው ውሃ የጋለ ብረት ላይ ይደርቃል፤ ጨው ይቀራል። ነገ ሌላ ይደረብበታል። ጨው ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አንተ እራትህን ስትበላ እሱም አልሙኒየምህን ይበላል።

አሰብ ሳለሁ እንዳንተ የሚግል ሞተር መጣልን። ባለቤቱ በየቀኑ አጥበዋለሁ ብሎ ማለ። ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን ስንፈታው፣ ጣት ያስገባ የነበረው የውሃ መተላለፊያ የክብሪት እንጨት አላስገባም አለ። የተጋገረውን በካቻቪቴ ስንፈነቅለው እንደ አሞሌ እየተቆረሰ ወደቀ። ሰውየው አልዋሸም፤ በየቀኑ ያጥብ ነበር። ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ነው። ሞተር ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታቱ፣ ያ ሲሞቅ የሚከፈተው የውሃ በር፣ ዝግ ስለሆነ ንጹሁ ውሃ ሲሊንደሮቹ ዙሪያ አይደርስም። የታጠበው እግሩ፣ ወደ ፕሮፔለሩ የሚወርደው የታችኛው ክፍል ብቻ ነበር።

ስለዚህ በርሜል ቁረጥና በንጹህ ውሃ ሙላው። ፕሮፔለሩን አውልቅ። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ ስቀለው፤ ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ክንፍ አልፎ ይሸፍን። ማርሹን ዜሮ አድርገህ፣ ቤንዚን ሳትጫነው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሠራው። ከጎኑ የሚሸናው ውሃ ለብ ማለት አለበት። ያለ ውሃ ግን ለአፍታም አታስነሳው፤ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ጎማ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። «እዚህ ውሃ ውድ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የትናንቱን ውሃ ለመጀመሪያው እጥበት ተጠቀምበት፤ ንጹሁን ለመጨረሻው አስቀር።

አሁን ለያዘው ግለት መጀመሪያ የፓምፑን ጎማ ቀይር። ቀጥለህ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አሙቀው፤ ውሃው እስኪፈላ ካልተከፈተ ጣለው። ከዚያ በኋላም ከጋለ ቴስታታው ይፈታል፤ ከስሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም በአዲስ ይተካል። እዚያ ስትደርስ መካኒክ ጥራ። «አሲድ ጨምርበት፣ ያሟሟዋል» የሚልህ ጓደኛ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያሟሟል። አልሙኒየሙንም ጭምር።

ከአሽዶድ፦ የአባቱን ሞተር ለፋሲካ ፍቆ እንደ አዲስ ቀባው። ፎቶም ልኳል፤ እውነትም ያምራል። «ከስር ያለችውን የተቦረቦረች ቁራጭ ብረት ሳትቀር አሳምሬ ቀባኋት» ይላል።

ወይኔ! ያቺ ቁራጭ ዚንክ እኮ ቤዛ ናት። ሁለት ዓይነት ብረት ተነካክቶ ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ባትሪ ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱ ይበላል። ዚንክ ከአልሙኒየም ቀድሞ ስለሚበላ ሞተሩ ይተርፋል። የተቦረቦረችው ሥራዋን ስትሠራ ነው። በቀለም ከሸፈንካት ግን ተራው የሞተሩ ይሆናል። ቀለሙን በብረት ብሩሽ ፍቀህ አንሳ። ቡሎኑን ፈትተህ ከስሯም ፋቅ፤ ብረት ከብረት ካልተነካካ ዋጋ የለውም። ግማሿ ካለቀ በአዲስ ቀይራት። ዓመት ሙሉ ሳይነካ የከረመ ዚንክ ካየህ አትደሰት፤ ሥራ ፈትቶ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ቀለሙ የጀልባ ሆድ የሚቀባው፣ መዳብ ያለበት ዓይነት ነው? ከሆነ ሁሉንም አንሳው። መዳብ አልሙኒየምን ያስበላል።

ከሜሪላንድ፦ እህታችን የምትጽፈው አናፖሊስ ስለምትቆመው ጀልባቸው ነው። ዚንኩ ዓመት ይቆይ ነበር። ዘንድሮ ከመቆሚያው ኤሌክትሪክ መሰካት ከጀመሩ ወዲህ በወሩ አለቀ። የትኛው ብራንድ ይሻላል?

ብራንዱን እርሺው። ከሶኬቱ ወይም ከጎረቤት ጀልባ የሚሾልክ ኤሌክትሪክ ሳይኖር አይቀርም። ዛሬውኑ ንቀሉት። የጀልባ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ መጥቶ ሳይለካ አትሰኩት። የቤት ኤሌክትሪሻን አይደለም የምልሽ፣ ባለቤትሽም አይደለም፤ የጀልባ ባለሙያ። እስከዚያ ልጆች መቆሚያው አጠገብ አይዋኙ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ሰው ይገድላል። እናንተ ላላችሁበት ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዓይነቱ ግማሽ ጨው ውሃ ከዚንክ ይልቅ የአልሙኒየም ቤዛ ይሻላል፤ እሱ ግን በኋላ ይደርሳል።

ከዱባይ፦ ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው የሚረጭ ቀጭን ዘይት ግራሶን ይተካል?

አይተካም። እንዲያውም ግራሶውን ያጥበዋል።

እዚያው ከዱባይ፣ ሌላ ሰው፦ ቡሎኑ አልፈታ ብሎ አንገቱ ተቆረጠ።

ቶርኖ ቤት ውሰደው። ለቀጣዩ አስቀድመህ ዙሪያውን አሙቀው፤ ስትመልሰው ጥርሱን ግራሶ ቀባ። የማይዝግ ብረት አልሙኒየም ውስጥ ደረቁን ከገባ፣ ጨው ሲያገኘው ተጋብተው ይቀራሉ።

ከጅዳ፦ የወንድሙ ሞተር ከጀልባው ተነቅሎ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በማግስቱ አወጡት። «ውሃው እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አስጥተነዋል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መቼ እናስነሳው?»

እንደ በርበሬ አሰጣችሁት? ውሃ ውስጥ ሳለ አየር ብዙም አያገኘውም። ሲወጣ ግን ጨውና አየር አንድ ላይ ይሆናሉ፤ በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል። እንደወጣ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ፣ ካንዴላውን ፈትታችሁ፣ ውሃውን አፍስሳችሁ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጨምራችሁ ያኔውኑ ማስነሳት ነበረባችሁ። ያ ካልሆነላችሁ ንጹህ ውሃ በርሜል ውስጥ ዘፍቃችሁ መካኒክ እስኪያገኘው ማቆየት። አሁን ገመዱን እንዳትስቡ፤ ፒስቶኑ ከዛገ ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ዘይት አፍስሱበትና እንዲሁ ለመካኒክ ውሰዱት። ካርቡራተሩም ይፈታ። ከፀሐዩ ላይ ግን አሁኑኑ አንሱት።